የኢንተርኔት አድራሻ መዝገብ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የደህንነት ካሜራ በመግጠም የሚተዳደሩ ወጣቶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ባለቤቱን «ስታቲክ አይፒ አላችሁ?»፣ ማለትም የማይለወጥ የራሳችሁ የኢንተርኔት አድራሻ አላችሁ ወይ፣ ብለው ይጠይቃሉ። የሚያገኙት መልስ ብዙውን ጊዜ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚል ነው። እነርሱም ማስረዳቱ ጊዜ ስለሚፈጅባቸው በመቅጃው ሣጥን ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በባለቤቱ ስልክ ያነሱና፣ ምስሉ በአምራቹ ድርጅት ሰርቨር በኩል እንዲመጣ አስተካክለው ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ሱቁ ደብረ ማርቆስ፣ ባለቤቱም ደብረ ማርቆስ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ሰርቨር ግን ባሕር ማዶ ነው። እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ የትምህርት ተቋም የኔትወርክ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ይህ መንገድ ለምን እንዲህ እንደረዘመ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በአጭሩ የምመልሰውን እዚህ በሰፊው ልጽፈው ፈልጌያለሁ። ወሮቹንና ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የእኛው ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ መልእክት የሚደርሰው በቁጥር አድራሻ ነው። ዛሬም አብዛኛው ሥራ የሚሠራበት አራተኛው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል (የመገናኛ ደንብ)፣ በተለምዶ አይፒቪ4 የምንለው፣ በመስከረም 1981 በይፋ ሲጻፍ ለአድራሻ የመደበው ቦታ 32 ቢት ነበር። ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የሚጻፍበት ቦታ ስለሆነ፣ ሁለት 32 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ሲወጣ 4,294,967,296 ቁጥር ይሆናል። በዚያን ጊዜ የዓለም ሕዝብ ከዚህ ቁጥር ይበልጥ ስለነበር፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አድራሻ ማዳረስ ገና ከጅምሩ የማይቻል ነበር ማለት ነው። ከፕሮቶኮሉ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የ32 ቢቱ ምርጫ በ1977 የተደረገው ለሙከራ ነው ተብሎ ነበር፤ ሙከራው ግን ሳያልቅ ዓለም ገባበት። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ከጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና ከጥቂት የምርምር ማዕከላት በቀር ማንም ኮምፒውተሩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማያገናኝበት ዘመን አራት ቢሊዮን አድራሻ አይበቃም ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር ኖሮ ሰሚ ያገኝ ነበር ብዬ አላስብም።

ቁጥር ማውጣቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ መጠበቁ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ይሠራ የነበረው በካሊፎርኒያ የነበረው ጆን ፖስተል ነው። ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ እየጻፈ ያስቀምጥ ነበር፤ በኋላ አያና (የኢንተርኔት ቁጥሮች አዳይ) የሚል ምሕጻረ ቃል የተሰጠው ተግባር ለረዥም ጊዜ በዋናነት የእርሱ መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። ጠያቂው ጥቂት፣ ቁጥሩ ደግሞ ሞልቶ የተረፈ ስለነበር አሰጣጡም ለጋስ ነበር። አንድ ትልቅ ብሎክ፣ ማለትም የተከታታይ ቁጥሮች ጥቅል፣ 16,777,216 አድራሻ ይይዛል፤ እንዲህ ያለውን ብሎክ አይቢኤም፣ አፕል፣ ፎርድ፣ እንዲሁም ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አንዳንድ አግኝተዋል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ብቻውን ከ10 በላይ ብሎኮች አሉት፤ ይህም ዛሬ መላው አፍሪካ ከያዘው ይበልጣል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ብሎክ በ2000 በፈቃዱ መልሷል። ኤምአይቲ በበኩሉ ከያዘው ከፊሉን በ2017 ሸጧል። ሁለቱን ድርጊቶች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው በመካከላቸው ባሉት ዓመታት የቁጥሩ ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ ይታየኛል።

ፖስተል በጥቅምት 1998 ሲሞት መዝገቡ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ወደ ተቋም መሸጋገር ጀምሮ ነበር። አይካን የሚባለው ድርጅት የተቋቋመው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የአያናን ተግባር ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በነበረው ውል ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ከጥቅምት 1 ቀን 2016 ጀምሮ ውሉ ሳይታደስ ቀርቶ የመንግሥቱ የበላይ ተመልካችነት አብቅቷል። ከዚህ በታች ያለው እርከን የአምስቱ ክልላዊ መዝገብ ቤቶች ነው። የአውሮፓው ራይፕ በ1992፣ የእስያና የፓስፊኩ ኤፒኒክ በ1993፣ የሰሜን አሜሪካው አሪን በ1997፣ የላቲን አሜሪካው ላክኒክ በ2002 ሥራ ጀመሩ። የእኛው አፍሪኒክ መቀመጫውን ሞሪሸስ አድርጎ ሙሉ እውቅና ያገኘው በሚያዝያ 2005 ነው፤ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚም ቶጎያዊው አዲኤል አክፕሎጋን ነበር።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። አያና ታላላቆቹን ብሎኮች ለክልላዊ መዝገብ ቤቶች ያከፋፍላል፤ መዝገብ ቤቶቹ ደግሞ አባል ለሆኑ ኦፕሬተሮችና ተቋማት ፍላጎታቸውን አስረድተው ሲጠይቁ ይሰጣሉ፤ ኦፕሬተሩም ለደንበኞቹ ያድላል። ለማን፣ በምን መሥፈርት፣ ምን ያህል ይሰጥ የሚለውን ደንብ የሚያወጣው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አይደለም። ደንቡ የሚወጣው በክልሉ ያሉ የመስኩ ሰዎች ለማንም ክፍት በሆነ ውይይት ተከራክረው ሲስማሙ ነው። ቦርዱ ያጸድቃል፣ ሠራተኛው ያስፈጽማል።

ከአፍሪኒክ በፊት ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለው የአፍሪካ ክፍል አድራሻ የሚያገኘው አምስተርዳም ካለው ከራይፕ፣ በስተደቡብ ያለው ደግሞ በዋናነት ከአሪን ነበር። የዚህ አሻራ በራሳችን አድራሻ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከምናያቸው አድራሻዎች መካከል በ197.156 እና በ196.188 የሚጀምሩት አፍሪካዊ ብሎኮች ናቸው፤ በ213.55 የሚጀምረው የቆየው ግን 213 በሚል ለአውሮፓ ከተመደበው ብሎክ የተቆረሰ ነው። የቁጥሩን መነሻ አይቶ ዕድሜውን መገመት በእኛ ሙያ ካሉት ትንንሽ ደስታዎች አንዱ ነው።

የጎጃም ሰው ይህን የአድራሻ ይዞታ ታሪክ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በድሮው የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው የትውልድ ሐረግን ቆጥሮ እስከ ዋና አባት በመድረስ ነበር፤ ቀድሞ የሰፈረው አባት የያዘው ለዘሩ ሁሉ መብት ሆኖ ይቀጥላል። የልጅ ልጆች በእናትም በአባትም እየቆጠሩ በፍርድ ቤት ሲሟገቱ ዕድሜያቸውን ይጨርሱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጁ መሬትን የሕዝብ ካደረገ በኋላ፣ ከዚያም የ1989 ዓ.ም. ድልድል ካለፈ በኋላ፣ ገበሬው በእጁ የያዘው የይዞታ ደብተር ሆነ፤ ማረስ፣ ማውረስ፣ ማከራየት ይችላል፣ መሸጥ ግን አይችልም። የአድራሻውም ዓለም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ባለይዞታ አለው። መዝገብ ቤቶቹ ከመቋቋማቸው በፊት የወሰዱት አንዳች ውል ሳይፈርሙ ስለያዙ ራሳቸውን እንደ ባለርስት ይቆጥራሉ። በኋላ የመጡት ደግሞ አድራሻው ንብረታችሁ አይደለም፣ በፍላጎታችሁ ልክ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ስትተዉትም ትመልሳላችሁ የሚል ውል ፈርመው የወሰዱ ናቸው። በአብዛኛው አፍሪካ የገባችው ደብተር በሚሰጥበት ዘመን ነው፤ ርስቱ ቀደም ብሎ ተይዞ አልቋል።

ያለቀበት ቀን ይታወቃል። የካቲት 3 ቀን 2011፣ በእኛ ጥር 26 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በማያሚ ከተማ በተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት ላይ አያና የመጨረሻዎቹን አምስት ብሎኮች ለአምስቱ መዝገብ ቤቶች አንድ አንድ አድርጎ አደለ። ለአፍሪኒክ የደረሰው በ102 የሚጀምረው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእያንዳንዱ ክልል ጎተራ ባዶ የሆነበት ቅደም ተከተል ነው፦ ኤፒኒክ በሚያዝያ 2011 ወደ መጨረሻው ብሎኩ ገባ፣ አሪን በመስከረም 2015 ጨረሰ፣ ራይፕ በኅዳር 2019 የመጨረሻውን ሰጠ፣ ላክኒክም በ2020 ተከተለ። አፍሪኒክ ብዙ የሚጠይቅ አባል ስላልነበረው ከሁሉም ዘግይቶ፣ በጥር 2020፣ ወደ መጨረሻው የቁጠባ ደረጃ ገባ፤ በዚህ ደረጃ አንድ አባል በአንድ ጊዜ ሊያገኝ የሚችለው ከ1,024 አድራሻ አይበልጥም።

የሚታደል ሲጠፋ የሚሸጥ ይመጣል። በ2011 ማይክሮሶፍት ከከሰረው ኖርቴል ኩባንያ 666,624 አድራሻዎችን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ይህም ለአንዱ 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋው ለአንዱ ከ50 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። የአማዞን የክላውድ አገልግሎትም ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ (ከመላው ኢንተርኔት የሚደረስበት) አይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ማስከፈል ጀምሯል። ግማሽ ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች፤ በወር ስትደመር ግን ሦስት ዶላር ከግማሽ ታልፋለች፣ ይህም ሰርቨር ተከራይቶ መተግበሪያ ለሚሞክር ተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም።

ታዲያ አድራሻ ካለቀ ይህ ሁሉ ስልክ እንዴት ይሠራል? መልሱ መጋራት ነው። በ1996 ሦስት የቁጥር ክልሎች ለግል መረቦች ተለይተው ተቀመጡ፤ በ10 የሚጀምረው፣ በ172.16 የሚጀምረውና በየቤታችን ራውተር ላይ የምናየው 192.168። እነዚህን ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ በግቢው ውስጥ ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ራውተሩ ሁሉንም በአንድ ፐብሊክ አድራሻ ስም ይልካቸዋል። በ2012 ደግሞ ኦፕሬተሮች ራሳቸው በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞችን ከጥቂት አድራሻዎች ጀርባ እንዲያሰልፉ ከ100.64 ጀምሮ ያለው ክልል ተመደበላቸው። በዚህ ዓይነት አሠራር ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ይቻላል፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን በሩ ላይ ደርሶ ከውስጥ ካሉት የትኛውን እንደሚፈልግ የሚነግርበት መንገድ የለውም።

ይህን ከመናኸሪያው አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ላላቸው እናት ማስረዳት ነበረብኝ። ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሲወርዱ የሱቃቸውን ካሜራ ማየት ይፈልጋሉ፤ መተግበሪያው ግን አንዳንድ ቀን ይሠራል አንዳንድ ቀን ይሽከረከራል። ገጣሚው ወጣት ራውተሩን ከፍቶ በ100 የሚጀምረውን ቁጥር አሳየኝና ትከሻውን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይኼ አድራሻ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ሰው ጋር የተጋራ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ብቻዬን አይደለሁ እንዴ? ማነው የተጋራኝ?»

ለዚህ ጥያቄ የሚያረካ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ለብቻ የሚሆን ስታቲክ አይፒ በተጨማሪ ክፍያ እንደሚገኝ ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም ክፍያውን ሲሰሙ በሱቁ ዘበኛ ማመን እንደሚሻላቸው ገለጹልኝ። መጋራቱ የሚያስከትለው ጣጣ በዚህ አያበቃም። በእኛ ግቢ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ድረ ገጹ ሁሉንም በአንድ አድራሻ ስለሚያያቸው አንድ ተንኮለኛ ፕሮግራም የሚያስቸግረው ይመስለውና «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» እያለ ያሠቃያቸዋል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋባቸዋል። የነፃ ትምህርት ማመልከቻ ሊያበቃ ሰዓታት ሲቀሩት ይህ የሚገጥመው ተማሪ ያለቀው የኢንተርኔት አድራሻ እንጂ የእርሱ ጥፋት እንዳልሆነ አያውቅም። አንድ አድራሻ ወንጀል ሠርቶበታል ተብሎ ሲጠየቅም ከጀርባው የተሰለፉት ብዙ ሰዎች ስለሆኑ፣ ኦፕሬተሩ በየሰከንዱ የሚጽፈው መዝገብ ከሌለ ማን እንደነበር መለየት አይቻልም። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ አድራሻን በካርታ ላይ ያስቀምጣሉ የሚባሉት ድረ ገጾች እኔን ደብረ ማርቆስ ቢሮዬ ተቀምጬ አዲስ አበባ ነህ ይሉኛል። በእነዚህ ድረ ገጾች ተማምኖ ሰው የሚከስ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቁጥሩ እጥረት ነው። ከእጥረቱ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን መዝገቡ ራሱ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ዋጋ የሚኖረው ሁሉም ኦፕሬተር መዝገቡ ላይ የተጻፈውን እስካከበረ ድረስ ብቻ ነው። መዝገብ ቤቶቹ ኬብል የላቸውም፣ ፖሊስ የላቸውም፣ ማንንም ከመስመር ሊያስወጡ አይችሉም። የካቲት 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ብሎ የዩቲዩብን አድራሻ የራሱ እንደሆነ አድርጎ አወጀ፤ አዋጁ ግን ከአገሩ ሾልኮ ወጥቶ ሌሎች ኦፕሬተሮች ስለተቀበሉት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ዩቲዩብን ማየት ሳይችል ቀረ። መዝገቡ ትክክለኛውን ባለቤት ይናገር ነበር፤ የሚያመሳክር ግን አልነበረም። ከ2011 ጀምሮ መዝገብ ቤቶቹ አርፒኬአይ በሚባለው አሠራር ይህ አድራሻ በዚህ ኦፕሬተር በኩል ብቻ ሊታወጅ ይችላል የሚል፣ በዲጂታል ፊርማ የታተመ ማረጋገጫ መስጠት የጀመሩት ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ማረጋገጫውን መስጠት የአንዱ፣ ማመሳከር የሌላው ሥራ በመሆኑ ግን እስካሁን የማያመሳክሩ አሉ።

የመዝገቡ ጠባቂ ኃይል አልባ መሆኑ መልካም ጎንም አለው። በ2022 መጀመሪያ ዩክሬን የሩሲያ ድርጅቶች የአድራሻ መብታቸው እንዲነጠቅ ራይፕን ስትጠይቅ፣ ራይፕ መዝገቡ የፖለቲካ መሣሪያ መሆን የለበትም ብሎ አልተቀበለውም። ጦርነቱን ማን እንደጀመረው የማያሻማ ቢሆንም ራይፕ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ለአንዱ የተቀደደ ገጽ ነገ ለሌላው ይቀደዳልና። የእኛም ሁኔታ የመዝገቡን ወሰን ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የአገሪቱ አድራሻዎች በሞሪሸሱ መዝገብ ላይ እንደተጻፉ ነበሩ፤ አንዲትም ቁጥር አልተነካችም። አድራሻ መኖር አንድ ነገር ነው፣ መገናኘት ሌላ ነገር ነው፤ መዝገብ ቤቱ የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

መዝገብ ጠባቂው ራሱ ሲታመም ምን እንደሚሆን ያየነው በአፍሪካ ነው። በ2019 መጨረሻ ላይ ከአፍሪኒክ መዝገብ አድራሻዎች በውስጥ ሰው እጅ በድብቅ እየተወሰዱ እንደነበር ተጋለጠ፤ ጉዳዩ ሲመረመር የተነካው መጠን ከ4 ሚሊዮን አድራሻ በላይ ሆኖ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ አፍሪኒክ ከአንድ ትልቅ ባለይዞታ አባሉ ጋር፣ የተሰጡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድራሻዎች ከአፍሪካ ውጭ ጥቅም ላይ ውለዋል በሚል ተጣላ። ክርክሩ ወደ ሞሪሸስ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2021 የመዝገብ ቤቱ የባንክ ሒሳብ ለጊዜው ታገደ፣ ቦርዱ በአባላት ማነስ መወሰን ተሳነው፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አጣ፣ በ2023 ፍርድ ቤት ሞግዚት ሾመበት። በሰኔ 2025 የተካሄደው የቦርድ ምርጫ በውክልና ሰነድ ውዝግብ ተሰረዘ፤ በመስከረም 2025 በድጋሚ ተካሂዶ አዲስ ቦርድ ተመረጠ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሠራተኞቹ መዝገቡን ክፍት አድርገው ማቆየታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ክርክር የማልስማማበት አንድ አባባል አለ፤ አድራሻ ንብረት ስለሆነ ገበያው በፈለገበት ይውሰደው የሚለው። በእርግጥ ገበያው ሳይሠራበት ተቀብሮ የነበረ ብዙ አድራሻ አውጥቷል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን በፍላጎት ልክ ለአፍሪካ የታደለው ቁጥር ለከፈለ ሁሉ ቢለቀቅ ኖሮ፣ በ2022 ሁለተኛው የሞባይል ኦፕሬተር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከአህጉሩ ጎተራ የሚጠይቀው ነገር አያገኝም ነበር። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው የሚያስቀር ደንብ ያስፈልጋል፤ እኛ በአብዛኛው ነገር ዘግይተን የምንመጣ ነን።

እንዲህም ሆኖ፣ በቀረችው ትንሽ ቁጥር ላይ የሚፈሰው ጉልበት ዋናው መውጫ መንገድ ላይ ቢፈስ ይሻል ነበር። መሬት ጨምሮ መፍጠር አይቻልም፤ ቁጥር ግን ይቻላል፣ ተችሏልም። ስድስተኛው ፕሮቶኮል፣ አይፒቪ6፣ በ1998 ተጽፎ ያለቀ ሲሆን አድራሻው 128 ቢት ነው፤ ብዛቱ 340 ከኋላው 36 ዜሮ ተጽፎበት የሚወጣ ነው። በ2006 አያና ለአምስቱም መዝገብ ቤቶች እኩል መጠን ያለው ትልቅ ብሎክ ሰጠ፤ አፍሪካ በዚህኛው አልዘገየችም፣ ድርሻዋም ከማንም አላነሰም። የአፍሪካን የአይፒቪ6 አድራሻ ስትመለከቱ በአብዛኛው በ2ሲ0ኤፍ ሲጀምር ታገኙታላችሁ። አንድ ግቢ ለራሱ የሚሰጠው የተለመደ መጠን 65,536 መረቦችን ይይዛል፣ እያንዳንዱ መረብ ደግሞ ከመላው አይፒቪ4 እጅግ የሚበልጥ አድራሻ አለው። የእትዬ ካሜራ በዚህ ቁጥር ቢሆን ኖሮ የራሱ አድራሻ ይኖረው ነበር፤ ከውጭ የሚመጣውን የሚከለክልና የሚያሳልፍ ፋየርዎል በአግባቡ ቢቀመጥለት ስልካቸው የማንንም ሰርቨር ሳያስቸግር ያገኘው ነበር።

ታዲያ ለምን ዘገየ? አይፒቪ6 ከአይፒቪ4 ጋር በቀጥታ ስለማይነጋገር ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ግድ ይላል፤ ይህም ድርብ ሥራ ነው። ድርብ ሥራውን ቀድሞ የሚሠራ ሰው ትርፉን ወዲያው አያገኝም፣ ሌሎቹ እስኪከተሉት መጠበቅ አለበት። ህንድ ውስጥ በ2016 ሥራ የጀመረው የሞባይል ኦፕሬተር ጂዮ ከመጀመሪያው በአይፒቪ6 ስለተነሣ አገሪቱን ከፊት ረድፍ አሰለፋት፤ የጉግል መለኪያ እንደሚያሳየውም በዓለም ደረጃ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ተጠቃሚ በአይፒቪ6 ይመጣል። አፍሪካ በጥቅሉ ከኋላ ናት፣ ኢትዮጵያም ከዚያው ውስጥ ናት። ሰበቡ የመሣሪያ እጥረት አይመስለኝም። ቢሯችን ያለው ያረጀ ስዊች እንኳን ይቀበለዋል፤ ጠያቂ ስለሌለ አቅራቢው አይሰጥም፣ አቅራቢው ስለማይሰጥም ማንም አይጠይቅም።

በጎጃም ያሉ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት በዚህ ላይ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም ሚሊዮን ብር አይጠይቁም። አንደኛው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በቤተ ሙከራ ውስጥ አይፒቪ6 የሚሠራ መረብ በገዛ እጁ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ትርጓሜውን ለፈተና ሸምድደው ይወጣሉ። ሁለተኛው የመዝገብ ቤቱ የደንብ ውይይት ለማንም ክፍት መሆኑን ማወቅና ገብቶ መናገር ነው። አባል መሆን እንኳን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ረቂቁን አንብቦ ሐሳብ መስጠት ነው። የመዝገብ ቤቶችን የእውቅና መሥፈርት የሚወስነው የ2001 ሰነድ በዚህ ጊዜ በአዲስ እየተጻፈ ነው፤ የአፍሪኒክ ዓይነት ቀውስ ሲደርስ ማን ምን ያደርጋል የሚለው ከሚነሡት ጥያቄዎች ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለ ክርክር ላይ የናይጄሪያ፣ የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ የእኛ ሰዎች ድምፅ ግን እምብዛም ነው።

እኛ ግቢ ውስጥ ለጊዜው የያዝነው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በሚወጣው የኔትወርክ ዕቃ ጨረታ ሰነድ ላይ «አይፒቪ6ን የሚደግፍ» የሚል አንድ መስመር፣ በኢንተርኔት አገልግሎት ውሉ ላይ ደግሞ «ከአይፒቪ4 ጋር አይፒቪ6ንም ያቀርባል» የሚል ሌላ መስመር እንዲገባ ከግዥ ክፍሉ ጋር ተነጋግረናል። ከኮሚቴው የተነሣው ጥያቄ መሥፈርቱ ተጫራች እንዳያሳንስብን የሚል ነበር። ገበያው ላይ ያሉት የታወቁ ራውተሮች ከዓመታት ጀምሮ ስለሚደግፉት በዕቃው በኩል እንደማያሳንስ አስረድቻለሁ፤ የአገልግሎት ውሉ መስመር ግን ገና ከአቅራቢው መልስ አላገኘም።